ሽማግሌዎቹ ቆመው የተዋጉለት የሀንጋሪ ድንበር

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው የፀደይ ሴሚስተር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል፤ ሆኖም ትዝ ባለኝ ቁጥር ጥርሴን ያስነክሰኛል። የሰማው ሁሉ ይስቃል። እናቴ «የእግዚአብሔር ሥራ ነው» ትላለች። እኔ በእግዚአብሔር ማሳበብ አልፈልግም። የወንድሜ ትዳር ከመቶ ዓመት በፊት የሀንጋሪና የሮማኒያ ወታደሮች ድንበር ላይ በተታኮሱት ተኩስ መሃል ገብቶ ነበር፤ ያስገቡትም የተማሩ ሰዎች ናቸው።

የአንደኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ከናሆም ጋር ከሳን ሆዜ ብዙም በማትርቀው የካሊፎርኒያ ከተማ በኒውአርክ እንኖራለን። በዲቪ ከመጣን ገና ብዙም አልቆየንም። ናሆም ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ማታ ማታ ደግሞ ለመተንፈስ የሚቸገሩ በሽተኞችን የሚረዳ ባለሙያ ለመሆን ይማራል። ሜሮንን ያወቃት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ሜሮን እዚህ የተወለደች ልጅ ናት። አማርኛ ሁሉንም ትሰማለች፤ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። ዶክተር አሥራት በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት ካሊፎርኒያ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን ኢኮኖሚክስ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ስለ ሠራተኛው መደብ ብዙ ጽፈዋል አሉ። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ልጃቸውን ሊያገባ ሲመጣ ግን አልወደዱም። ሜሮን ደግሞ አባቴ ሳይፈቅድ አላገባም ብላ ቁርጡን ተናገረች። እናቴ ሰው በሰው ብዙ ካስለመነች በኋላ ዶክተሩ አንድ ቀን ሰጡ። ሽማግሌ ይምጣ፣ አንዴ እሰማለሁ፣ ካልተስማማሁ ግን ሁለተኛ በሬን እንዳታንኳኩ የሚል መልእክት ነበር የደረሰን። እንግዲህ ያ ቅዳሜ ለወንድሜ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ዕድል ነበር።

አባታችን በሕይወት የለም። ስለዚህ ሽማግሌ የማፈላለጉ ሥራ በእናቴ ላይ ወደቀ። ለተማረ ሰው የተማረ ሰው ነው የሚላከው ብላ ጋሽ ተካልኝን ለመነች። ጋሽ ተካልኝ ኤል ሴሪቶ የሚኖሩ፣ እሳቸውም በንጉሡ ጊዜ ተማሪ ሆነው የመጡ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ አንጋፋ ሰው ናቸው። «አሥራትን በደንብ አውቀዋለሁ» አሏት። እናቴ በደስታ አነባች። የሚተዋወቁት በጠብ መሆኑን ግን አልነገሯትም። እኛ አዲስ መጤዎች ነን። ከድሮዎቹ ሰዎች ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገር በምን እናውቃለን?

ከእሳቸው ጋር ኤመሪቪል የሚኖሩት ጋሽ ይልማና የኦክላንዱ ቀሲስ መላኩ ተጨመሩ። ጋሽ ይልማ በቅርቡ ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው በዱላ ነበር የሚሄዱት። እናቴ እንዳይቸገሩ ብትሰጋም፣ ለናሆም ስል በአንድ እግሬም ቢሆን እቆማለሁ ብለዋት ነበር። ይህን ቃላቸውን ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ አስቤበታለሁ።

አሁን ስለ ቤት ሥራዬ መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባም።

የታሪክ መምህራችን ትልልቆቹን ጦርነቶች ሁሉም ያውቃቸዋል፣ እናንተ ማንም የማያስታውሳቸውን ትንንሽ ግጭቶች አጥንታችሁ ለክፍሉ ትናገራላችሁ ብለው ዕጣ አወጡን። ለእኔ የደረሰኝ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ በሀንጋሪና በሮማኒያ ወታደሮች መካከል የተነሳ አንድ የድንበር ግጭት ነው። የተሰጠኝን ሥራ ከልቤ ነው የምሠራው። መመሪያውን ደጋግሜ አነባለሁ፣ መምህሬ ያልጠየቁትንም እጨምራለሁ። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ፈልጌ አነበብኩ።

ነገሩ አጭር ነው። ጦርነቱ አልቋል፣ ድንበሩ ግን ገና በቅጡ አልተሰመረም። አንዲት ትንሽ ድልድይ አጠገብ የሁለቱ አገር ዘበኞች ፊት ለፊት ተፋጥጠው ሲውሉ አንድ ሰው ተኮሰ። ከዚያ ሁሉም ተኮሱ። ሳይመሽ አበቃ። የሞቱትን ቀበሩ፤ ድልድይዋም እዚያው ቀረች። ሀንጋሪዎቹ ቀድመው የተኮሱት ሮማኒያዎቹ ናቸው ብለው ጻፉ። ሮማኒያዎቹም ሀንጋሪዎቹ ናቸው ብለው ጻፉ። ጉዳዩን እንዲያጣራ ከሌላ አገር አንድ መኮንን ተላከ። ሁለቱንም ወገን ጠይቆ፣ ማን ቀድሞ እንደተኮሰ ማወቅ አልቻልኩም ሲል ዘገበ። በዚህን ጊዜ ሁለቱም መንግሥታት ይህ መኮንን ሥራውን የማያውቅ ሰነፍ ነው ብለው ከሰሱት፤ ቃሉ እንኳን ተመሳሳይ ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ ግን አልገባኝም ነበር።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ናሆም እንደ ወጉ እዚያ መገኘት አይችልም። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ፍሪዌይ ላይ መንዳት ካቆሙ ቆይተዋል። ስለዚህ ሾፌሯ እኔ ሆንኩ። ከኒውአርክ ተነስቼ እስከ ኤል ሴሪቶ ሽቅብ ነዳሁ፤ ከዚያ ኤመሪቪልና ኦክላንድ ላይ እየቆምኩ ሦስቱንም ለቃቅሜ፣ በ880 ፍሪዌይ ቁልቁል የቤታችንን መውጫ አልፌ ወደ ሳን ሆዜ ወረድን። ጋሽ ተካልኝ ከፊት ተቀምጠው መስመር ቀይሪ፣ አትቀይሪ ሲሉኝ መጡ። ስለ ትምህርቴ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ ምናልባት ነገሩ መኪናው ውስጥ ተጀምሮ መኪናው ውስጥ ያልቅ ነበር።

ናሆም አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከዶክተሩ ቤት ራቅ ብሎ የአንድ ግሮሰሪ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀምጦ መልስ ይጠብቅ ነበር።

እኔም መኪና ውስጥ ልጠብቅ ነበር። የሜሮን እናት እትዬ አልማዝ ግን የሰው ልጅ ውጭ አይተውም ብለው ወደ ወጥ ቤት አስገቡኝ። ምድጃው ላይ ድስት ሞልቷል። ለእምቢታ እንዲህ አይሠራም ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ሜሮን ደረጃው ጫፍ ላይ፣ ከታች በማይታይ ቦታ ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ሳሎን ውስጥ በሰልፍ ቆሙ። ወጉ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ተቀመጡ ቢባሉም አይቀመጡም፤ የቤቱንም እህል ውሃ አይቀምሱም። ቆመው ይጠይቃሉ። ሲፈቀድላቸው ያን ጊዜ ይቀመጣሉ። ካልተፈቀደ እንደቆሙ ይመለሳሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው።

«ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ ዶክተር አሥራት፣ የማያውቁ መስለው። ይህም ወግ ነው።

ጋሽ ተካልኝ ንግግራቸውን ጀመሩ። አልዋሽም፣ ያምር ነበር። የናሆምን ጨዋነት፣ የእናታችንን ልፋት፣ የሁለቱን ልጆች መዋደድ አንድ በአንድ አወረዱት። ዶክተሩን «እርስዎ» እያሉ፣ ዶክተሩም እሳቸውን «ፕሮፌሰር» እያሉ በጣም ተከባበሩ። መከባበሩ በዝቶ ቅዝቅዝ ብሎኝ ነበር፤ ግን የትልልቅ ሰዎች ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

ዶክተሩ ስለ ቤተሰባችን ጠየቁ። ጋሽ ይልማ የሚያኮራ ነገር ሲፈልጉ እኔ ትዝ አልኳቸው። «እህቱ እዚሁ አለች። ኮሌጅ የገባች፣ ጨዋ ልጅ ናት። እስቲ ብቅ በይ፣ የኔ ልጅ።»

እጄን በፎጣ ጠራርጌ ወጣሁ። ገበያ እንደወጣች በግ ሁሉም ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ዶክተሩ ምን እንደምማር ጠየቁኝ። ለነርስነት የሚያዘጋጁ ትምህርቶች እንደምወስድ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላስ ሲሉ ታሪክ አልኩ። ፊታቸው በራ። የምን ታሪክ ነው ብለው ጠየቁ።

እኔ ጥያቄ ሲቀርብልኝ በሙሉው ነው የምመልሰው። እጆቼን አጣምሬ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሀንጋሪና የሮማኒያ ወታደሮች ስላደረጉት የድንበር ግጭት ሰኞ ለክፍሌ ንግግር እንደማደርግ ገለጽኩ። ቤተሰቤን ያስመሰገንኩ መስሎኝ ነበር።



ጋሽ ተካልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያው ሮማኒያ ናት የተኮሰችው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ዶክተር አሥራት ቀስ ብለው ዞሩ። «አሁንም እንደዚያ ነው የሚሉት?»

«አሁንም። እውነቱ መቼ ተለወጠና?»

ነገሩን ያስረዱኝ በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ እትዬ አልማዝ ናቸው። ጋሽ ተካልኝና ዶክተሩ በተማሪነታቸው ዘመን በርክሌይ አንድ ክፍል ተከራይተው የኖሩ ጓደኛሞች ነበሩ። የአንድ የጥናት ክበብም አባላት ነበሩ። በሀንጋሪ ከዚያ ጦርነት በኋላ ለአጭር ጊዜ የቆመ የሠራተኞች መንግሥት ነበር፤ የሮማኒያ ጦር ገብቶ ነው የወደቀው። ክበቡ ስለዚህ መንግሥት ሲወያይ ጋሽ ተካልኝ አንድ ጽሑፍ አነበቡ። መንግሥቱ የወደቀው በወራሪ ጦር ነው አሉ። ወጣቱ አሥራት ተነስተው፣ በአብዮት ስም የሌላውን ሕዝብ መሬት ልያዝ ስላለ ነው የወደቀው ብለው ተከራከሩ። ከዚያ የክበቡን ግማሽ ይዘው ወጡ። ማታ ወደ ተከራዩት ክፍል የተመለሱት ሻንጣቸውን ለመውሰድ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰው ሰርግ ላይ ሲገናኙ በተለያየ በር ነበር የሚወጡት።

ሁለቱም ሀንጋሪን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። ሮማኒያንም እንዲሁ።

አሁን ግን እድል ቀናቸው። ጋሽ ተካልኝ «ይልማ፣ እስቲ ዱላውን አንዴ» ብለው ከጋሽ ይልማ እጅ ወሰዱና ምንጣፉ ላይ ማመልከት ጀመሩ። ሰማያዊው ጥለት ወንዙ ነው፣ የሮማኒያ ጦር በዚህ በኩል ነው የገባው አሉ። ዶክተሩ የሶፋ ትራስ አንስተው፣ ይህን ኮረብታ ረስተውታል ብለው ምንጣፉ ላይ ጣሉት። ኮረብታው ላይ የሮማኒያ ገበሬዎች እንደሚኖሩና ለዘመናት የሀንጋሪ ባላባት ሲገፋቸው እንደነበር ተናገሩ። ጋሽ ተካልኝ ትራሱን በዱላ ገፋ አድርገው ኮረብታው ራቅ ይላል አሉ። ዶክተሩ ትራሱን ወደ ቦታው መለሱት።

ጋሽ ይልማ ያለ ዱላቸው ወዝወዝ ይሉ ነበር። ከልጅ መጠየቂያው ሰልፍ ሳይወጡ ወደ ኋላ ሸርተት አሉና በሹክሹክታ ጠየቁ። «ቀሲስ፣ ግድግዳ መደገፍ ከመቀመጥ ይቆጠራል?»

ቀሲስ መላኩ ትንሽ አሰቡ። «ጀርባ ብቻ ከሆነ አይቆጠርም።»

ጋሽ ይልማ ተደገፉ። ፊታቸው ላይ ላብ ችፍ ብሎ ነበር። ወንበር ላምጣልዎት ብዬ በምልክት ስጠይቃቸው በጣቶቻቸው ከለከሉኝ። ከእሳቸው በስተቀር በዚያ ክፍል ውስጥ ለወንድሜ የቆመ ሰው አላየሁም።

ስልኬ ይርገበገባል። ናሆም ነው። ምን አሉ ይላል። ገና ናቸው አልኩት። ምን እያወሩ ነው ሲል ሀንጋሪ ብዬ ጻፍኩለት። ሀንጋሪ ምንድን ነው አለ። ለዚህ አጭር መልስ አላገኘሁም። ሜሮን ደግሞ ከፎቅ ሆና፣ ሀንጋሪ ውስጥ የሞተ ዘመድ አለን ወይ ብላ በእንግሊዝኛ ላከችልኝ። ከመቶ ዓመት በፊት ነው አልኳት።

እትዬ አልማዝ የወጥ ቤቱን በር እየከፈቱ ብዙ ጊዜ ብቅ አሉ። ምግቡ እየቀዘቀዘ፣ እንደገና እየሞቀ፣ እንደገና ይቀዘቅዝ ነበር። በመጨረሻ ማማሰያቸውን እንደያዙ ወጥተው መሃላቸው ቆሙ።

«ልጄን ለሀንጋሪ ነው እንዴ የምትድሯት?»

ጋሽ ተካልኝ በዱላው ጫፍ ወደ ጎን ዞር እንዲሉ ጠቆሟቸው፤ ወንዙ ላይ ቆመው ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል ለሚል ሰው፣ ከዚህ በኋላ የሆነው ለእኔ አላሳቀኝም። ክርክሩ ከድልድይዋ ወጥቶ ወደ ሰዎቹ ገባ። ጋሽ ተካልኝ ያኔ ክበቡን ባትከፍሉት ኖሮ አሉ። ዶክተሩ ያኔ ሌላውን ሕዝብ ባትንቁ ኖሮ አሉ። ሀንጋሪ በየት በኩል ወጥታ ሌላ አገር በየት በኩል እንደገባች ልከተለው አልቻልኩም። ቀጥሎ ዶክተር አሥራት የፈራሁትን ተናገሩ።

«በአብዮት ስም የሰው ድንበር ጥሶ የገባን ሁሉ ነጻ አውጪ በሚል ሰው አማላጅነት እኔ ልጄን አልሰጥም።»

ጋሽ ተካልኝ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ተነሱ እንሂድ» አሉ።

የሚነሳ ሰው አልነበረም። ሁሉም ቆመው ነው የዋሉት።

ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ሜሮን ወርዳ መሃል ላይ ቆማለች። አባቷን ብቻ ነበር የምታየው፤ እሳቸው ግን ትራሱን ነበር የሚያዩት። እኔ በሐሳቤ ናሆምን አየሁት፤ በዚያ አዲስ ሸሚዝ፣ በዚያ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ። ምን ብዬ ነው የምነግረው? ሮማኒያ ድልድይ ተሻግራ ነው የተከለከልከው ልለው ነው?

ጋሽ ይልማ ከግድግዳው ሳይላቀቁ «ያለ ዱላዬ የትም አልሄድም» አሉ። ያ ትንሽ ጊዜ ሰጠ። ቀሲስ መላኩ በዚያች ጊዜ ውስጥ ገቡና የዋህነት ነው ወይስ ብልሃት እስካሁን ያልለየሁትን ነገር ተናገሩ። «ልጅቷ አንብባው የለ እንዴ? እሷ ትፍረድ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እውነት ነው» አሉ ጋሽ ተካልኝ። «ያነበብሽውን ብቻ ተናገሪ። ማን ነው ቀድሞ የተኮሰው?»

«አትፍሪ» አሉ ዶክተሩ። «ማን ነው?»

እኔ ሰው ማስደሰት የምወድ ልጅ ነኝ። በዚያች ሰዓት ውሸት ቢጠቅም እዋሽ ነበር። ግን የትኛውን ልዋሽ? ሮማኒያ ብል ዶክተሩ በሩን ይዘጋሉ። ሀንጋሪ ብል ሽማግሌዎቹ ትተው ይሄዳሉ፤ ያለ ሽማግሌ ደግሞ የሚጠይቅ የለም። እትዬ አልማዝ ማማሰያውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ከእውነቱ ሌላ የቀረኝ ነገር አልነበረም።

«አይታወቅም» አልኩ።

ከዚያ እንደ ጥሩ ተማሪ አብራራሁ። ሁለቱም ወገን ሌላው ተኮሰ ብሎ እንደጻፈ፣ አጣሪ መኮንን እንደተላከ፣ እሱም ማወቅ አልቻልኩም እንዳለ ተናገርኩ። ያነበብኳቸውን መጻሕፍት ሁሉ ጠራሁ። ንግግሬን ስጨርስ ጋሽ ተካልኝና ዶክተሩ እርስ በርስ ተያዩ። ከገባን ጀምሮ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ያኔ የመጀመሪያቸው ነበር።

«አይታወቅም» አሉ ጋሽ ተካልኝ ቃሉን እንደ መራራ ነገር አጣጥመው። «ሰማህ? ኮሌጅ ገብተው የሚማሩት ይህን ነው።»

«ስልካቸው ላይ ካልወጣላቸው አይታወቅም ነው የሚሉት» አሉ ዶክተሩ።

«እኛ በዚህ ዕድሜያችን የሀንጋሪን የእርሻ ፖሊሲ በቃላችን እንወጣው ነበር።»

«ሌሊቱን ሙሉ። በዚያች አንድ አምፖል።»

«አምፖሏም ያንተ ነበረች» አሉ ጋሽ ተካልኝ፤ ዶክተሩም ከት ብለው ሳቁ።

ከዚያ በእኔ ላይ ዘመቱ። እኔ እዚያው በመሃላቸው ቆሜ ስለ እኔ ያወራሉ። የዚህ ዘመን ልጅ አቋም እንደሌለው፣ ወገን ለይቶ መቆም እንደሚፈራ፣ መምህሮቹም ከእሱ እንደማይሻሉ አንዱ ጀምሮ ሌላው ይጨርሳል። አንድም ነገር ላይ ሳይስማሙ የዋሉ ሰዎች እኔ አላዋቂ መሆኔ ላይ ያለ አንዳች ክርክር ተስማሙ። ጋሽ ተካልኝ መኮንኑንም አልማሩትም። ሥራውን የማያውቅ ሰነፍ ነበር አሉ። ዶክተሩም ልክ ነህ፣ ሰነፍ ነበር አሉ።

«ተካልኝ፣ ተቀመጥ እስቲ» አሉ ዶክተሩ እንባቸውን እየጠረጉ።

ጋሽ ተካልኝም ተቀመጡ።

ሶፋው ላይ ዘፍ ብለው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ዱላውን ጭናቸው ላይ አድርገው ነው የተቀመጡት። ልጅ መጠየቃቸውን ረስተውታል። ዶክተሩም መጠየቃቸውን ረስተውታል። የሽማግሌዎቹ መሪ በቤቱ ጌታ ግብዣ ተቀምጧል፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱ ምሁራን ገና አላስተዋሉም። ቀሲስ መላኩ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ጋሽ ይልማ በክርን ጎሸም አደረጓቸው።

እትዬ አልማዝ ግን ወዲያው ነው ያዩት። ማማሰያውን ወደ ላይ አንስተው እልል አሉ። እልልታው እስከ ጎረቤት ይሰማ ነበር። ሜሮን እልል ማለት ባትችልም ጮኸች። ጋሽ ይልማ ከግድግዳው ተላቅቀው ቅርባቸው ያለው ወንበር ላይ ወደቁ። ቀሲስም «እንግዲህ እግዚአብሔር ይባርክ» ብለው መስቀላቸውን አወጡ፤ መስቀል ከወጣ በኋላ ደግሞ ማን ምን ይላል?

ዶክተር አሥራት አፋቸውን ከፍተው ነበር። ምን ሊሉ እንደነበር እስከ ዛሬ አናውቅም። ወደ ተቀመጡት ጓደኛቸው አዩ፣ ወደ ሚስታቸው አዩ፣ ወደ ልጃቸው አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ትራሱን ከምንጣፉ ላይ አነሱና ከጋሽ ተካልኝ ጀርባ ሸጎጡላቸው። ልጃቸውን የሰጡት በዚህ ነው። እሺ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

ናሆም ተጠርቶ መጣ። ጉልበት ስሞ ተመረቀ። ዶክተሩ ስለ መጋዘኑ አንድም ነገር አልጠየቁትም፤ ስለ ሀንጋሪ ግን ጠየቁት። እኔ ከጀርባቸው ሆኜ በዓይኔ ስለምነው አላውቅም አለ። ጎበዝ፣ ቢያንስ እውነቱን ይናገራል አሉት። እኔ ያልኩትንም ያስታውሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ይልቁንስ ሰሃን አቀብዪን አሉኝ።

ማዕድ ላይ በቀኝ ጋሽ ተካልኝ፣ በግራ ዶክተሩ ሆነው ሰኞ ለክፍሌ የምናገረውን አዘዙኝ። አንዱ ሮማኒያ በይ አሉ፣ ሌላው ሀንጋሪ በይ አሉ። እኔ እሺ አልኳቸው፤ ሁለቱንም። ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ጋሽ ተካልኝ እንደ ድል አድራጊ ያዜሙ ነበር። ዛሬ ትልቅ ሥራ ሠራን አሉ። ከኋላ ጋሽ ይልማ ጉልበታቸውን ይዘው መንገዱን ያያሉ።

ሰኞ ክፍሌ ፊት ቆሜ አይታወቅም አልኩ። መምህሬ ጥሩ ነው አሉኝ። አንድ ተማሪ ግን ሁለቱ መንግሥታት ለምን ያን መኮንን ብቻ ለይተው ሰደቡት ብሎ ጠየቀኝ። ከቅዳሜ በፊት ቢሆን መልስ አልነበረኝም። እርስ በርሳቸው መታረቅ አሳፍሯቸው ይሆናል፣ በእሱ ላይ መስማማት ግን አላሳፈራቸውም አልኩት። መምህሬ ይህን የት እንዳነበብኩ ሲጠይቁኝ ሳን ሆዜ አልኳቸው።

ሰርጉ ደርሷል። ጋሽ ተካልኝና ዶክተሩ አሁን በየቀኑ ይደዋወላሉ፤ ሲገናኙም በአንድ በር ይወጣሉ። ሰው ባለበት ሁሉ እኔን ሲያስተዋውቁ «አይታወቅም ያለችው ልጅ» እያሉ ይስቃሉ። አክብሬ ጎንበስ እላለሁ። ወንድሜ ደስተኛ ነው፤ ለእሱ ስል ሌላም ስድብ እችላለሁ። ግን አልሸነግልም። የተማሩ ሰዎች ለማያውቋት ድልድይ አንድ ዕድሜ ሙሉ ሲኳረፉ፣ የገዛ ልጃቸውን ዕድልም በዚያች ድልድይ ላይ ሲያስቆሙ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ሰው ሲናገር ራሴን እነቀንቃለሁ እንጂ እንደ ድሮው ሁሉን አላምንም።

ብዙ ጊዜ የማስበው ያንን መኮንን ነው። ስሙን መጽሐፉ አልጻፈውም። እዚያች ድልድይ ላይ በሁለት የተቆጡ ሰዎች መሃል ቆሞ አላውቅም ሲል ይታየኛል። በሕይወት ቢኖር ለሰርጉ እጠራው ነበር። አጠገቤ አስቀምጬው እሱም እኔም ዝም ብለን እንበላ ነበር።